ምስጋና ለእቴቴ፣ ስማችሁን ለማልጠራ ሁላችሁም

ውድ የደሴ ሰዎች፣ ኮምቦልቻዎች፣ በየሀገሩ የተበተናችሁ ወሎዬዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ወንድ የምወድ መሆኔን የጻፍኩበት መጽሐፌ ከወጣ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ያላነበበው ሰው እንኳ ሰምቶታል፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ ያወራው ያላነበበው ነው። ስለዚህ እሱን አልደግመውም። የመጣሁት ለማመስገን ነው።

ከዚህ በታች የአንድም አመስጋኝና ተመስጋኝ ስም የለም። ረስቻችሁ እንዳይመስላችሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርገዋል። ሕጉ የሚያወራው ስለ ድርጊቱ ነው፤ ሰፈር ግን ሰላምታ የሰጠኝንም ይከሳል። ስማችሁን ጠርቼ ላስመሰግናችሁ ብል አስመታችኋለሁ። እናም ታሪካችሁን ስታዩ «እኔን ነው» በሉ። ያልጠቀስኳችሁም ብዙ ናችሁ፤ ይቅር በሉኝ።

እቴቴ። ያንቺን ከየት ልጀምር?

ከ1997 ምርጫ በኋላ የታሰርኩ ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ። ዋለልኝ መኮንን በተማረበት በወይዘሮ ስሂን ግቢ ተምሬ ዝም ብዬ አልቀመጥም ባይ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እህቷ እቴቴ ናት፤ ስንቅ የምታመላልሰውም እሷው። በር ላይ ፈታሹ እንጀራውን በእንጨት ይወጋዋል፣ ወጡን ያማስለዋል። እኔ ጋ ሲደርስ መልኩ አይታወቅም። ነገሩን ስታውቅ ምን አደረገች? ፍትፍት አድርጋ ማምጣት ጀመረች። «እንግዲህ ፈልገው ፈልገው ይድከሙ» አለች።

ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በሲጋራ ወረቀት ላይ እንደተረጎመ ሰምቼ ነበር። እኔም የሲጋራ ወረቀት መልቀም ጀመርኩ። ትርጉም አልነበረም፤ የሆዴን ነበር የምጽፈው። ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን አጣጥፌ በምሳ ዕቃው ክዳን ላስቲክ ስር እሸጉጠዋለሁ። ባዶው ምሳ ዕቃ ወደ ቤት ይመለሳል። እቴቴ ላስቲኩን በቢላ ጫፍ ታወጣና ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ታስገባዋለች። ከላይ በርበሬ ትነሰንስበታለች። ምን እንደተጻፈበት አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ከተፈታሁ በኋላም ጣሳው እዚያው ቆየ። ሀገር ጥዬ ስወጣም እዚያው ነበር። በጥቅምት 2014 ደሴ ስትያዝ እቴቴ ከሰዉ ጋር በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ በእግሯ ወረደች። ኮምቦልቻም ብዙ አልቆየችም፣ ተያዘች፤ እሷም መንገዱን ወደ ሸዋ ቀጠለች። ቤቷን ቆልፋ ስትወጣ የያዘችው ነጠላዋን፣ የቤት ካርታዋንና ጣሳውን ነው። መንገድ ላይ ሰዎች «ማዘር፣ ቅቤ ነው?» ሲሏት «በርበሬ ነው፣ ምን አገባችሁ» ትል እንደነበር የነገረችኝ አብራት የተጓዘች ሴት ናት። ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። በሩ ራሱ ተነቅሎ ሄዷል። ጣሳው ግን አብሯት ተመለሰ።

እንግዲህ የኔ መጽሐፍ ማለት ያ ጣሳ ነው። ወረቀቶቹ እጄ ሲገቡ በርበሬ በርበሬ ይሸቱ ነበር። መጀመሪያ አስነጠሰኝ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ስጽፍም

ልተወው፣ ወደ ሌላው ልለፍ።

አይ፣ ገና አልጨረስኩም። እቴቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። መጽሐፉን ማንም እንዲያነብላት አልፈለገችም። መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች፣ ቀስ እያለች ዘለቀችው። እኔ ደግሞ ያ ገጽ ላይ የምትደርስበትን ቀን እየፈራሁ እጠብቃለሁ። አንድ ማታ ደወለች።

«አነበብኩት» አለችኝ።

«የቱን?»

«ያንን። ስለ ራስህ የጻፍከውን።»

ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ፣ ሃሎ» አለች። ከዚያ «እራት በላህ?»

በቃ ይኸው ነው። ስለዚያ ገጽ እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አልወጣትም። አልመከረችኝም፣ አልረገመችኝም፣ ጸበል ሂድ አላለችኝም። አልወደደችውም ይሆናል። እኔም አልጠየቅኳትም። በነጋታው ግን ሰዓቷን ጠብቃ ደወለች፤ በነጋታውም።

የሰፈሩ ሴቶች ከቡናዋ ቀሩ። እሷ ሲኒ አልቀነሰችም። እንደ ድሮው ረከቦቱን ሞልታ ትደረድራለች፣ ታጨሳለች፣ ታስጠራለች። አቦሉን ብቻዋን፣ ቶናውን ብቻዋን። መጀመሪያ የገባሽው አንቺ ነሽ፣ ጎረቤቷ። «በረካውን ልጠጣ ነው የመጣሁ፣ አብሽሪ» ብለሽ ሻርፕሽን አስተካክለሽ ዱካው ላይ ተቀመጥሽ። በማግስቱ አቦሉ ላይ ደረስሽ። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተከተሉሽ። ምን አስከፍሎሽ እንደነበር አውቃለሁ፤ ባለቤትሽ ለሳምንታት አኩርፎሽ ነበር አሉ። አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ።

ጋሼ፣ እርስዎንም ሳላነሳ አላልፍም። ልጆች በሯ ላይ ድንጋይ ይዘው በመጡ ማታ ከመስጊድ ሲመለሱ ደረሱ። «ልጁ የጻፈውን አልወደድኩትም። የሷን በር የሚነካ ግን መጀመሪያ እኔን ያገኛል» አሉ። ፊት ለፊት ብንገናኝ ሰላምታዬን ላይመልሱልኝ ይችላሉ፤ ምንም አይደል። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔን ሳይቀበሉኝ እሷን ከልለው መቆምዎ፣ የሚያደንቀኝ ሰው ሁሉ ከጻፈልኝ ይበልጥብኛል።

ብዙዎቻችሁ «ከፖለቲካ ወጥተህ ለምን ጸሐፊ ሆንክ?» ትሉኛላችሁ። ወጣሁ እንዴ? አስወጡኝ እንጂ። ስለ ሰብዓዊ መብት መግለጫ በምናረቅበት ስብሰባ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ጓድ ጎንበስ ብሎ «ያንተ ነገር ከታወቀ ትግሉን ይዞት ይሰምጣል» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በወንድምነት። መግለጫው በማግስቱ ወጣ፤ ቆንጆ መግለጫ ነበር። እኔ ስሜ አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ብዕር ነው።

ናይሮቢ ሳለሁ የባያርድ ረስቲንን ታሪክ ያስነበብከኝ ወንድሜ፣ በዚያ ሰሞን ምን እንዳደረግክልኝ አታውቅም። ረስቲን ጥቁር አሜሪካዊ የመብት ታጋይ ነው፤ በነሐሴ 1963 እ.ኤ.አ. 250,000 ያህል ሰው የወጣበትን የዋሽንግተን ሰልፍ ያደራጀ ሰው ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1960፣ ወንድ የሚወድ መሆኑን ማስፈራሪያ አድርገውበት ከማርቲን ሉተር ኪንግ አጠገብ ገለል እንዲል ሆኖ ነበር። ያስፈራራው ነጭ ዘረኛ እንዳይመስላችሁ፤ ጥቁር የምክር ቤት አባል ነው። ያንተን ሌላኛውን ስጦታም አልረሳሁም፤ የደቡብ አፍሪካዊውን የሳይመን ንኮሊን። በአፓርታይድ ጊዜ በዴልማስ የሀገር ክህደት መዝገብ ተከሶ እስር ቤት እያለ ለጓዶቹ ስለ ራሱ ነገራቸው። ተከራከሩ፣ ተኳረፉ፣ በኋላ ግን አብረው ቆሙ። ሀገሩ በ1996 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በፍቅር ዝንባሌ ምክንያት ሰውን ማግለል ተከለከለ። ንኮሊ ይህን አይቶ በ1998 አረፈ። እኔ በረስቲን ተጽናናሁ፣ በንኮሊ ቀናሁ። በነጻነቱ አይደለም፣ በጓዶቹ ነው የቀናሁት።

ከኔ ጓዶች አንድ ሰው ደወለ። አንተ ነህ። እስር ቤት በአንድ ፍራሽ እግርና ራስ ሆነን እንተኛ ነበር። አሁን ይህን የሰማ ሁሉ ምን ብሎ እንደሚስቅብህ ይገባኛል፤ አንተ ራስህ ቀድመህ ስቀህበታል። «ያኔ ታንኮራፋው የነበረው ግን ወንጀል ነው» አልከኝ። ከዚያ ሁሉ ስድብ በኋላ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

እህቴ እስካሁን አታናግረኝም። እቴቴ ታማ የተኛች ጊዜ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ የቆመችው እሷ ናት። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። አመሰግናለሁ፣ እህት ዓለም።

መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ የሸጣችሁ የፒያሳ አዟሪዎች፣ ጣሳውን ከኮምቦልቻ ይዘህ የወጣህ የጂቡቲ መስመር ሹፌር፣ ያረማችሁልኝ፣ ያስጠለላችሁኝ፣ በየእምነታችሁ የጸለያችሁልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በውስጥ መስመር «እኔም» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። መልሴን ስታነቡ አጥፉት፤ ስልካችሁንም ቆልፉ።

የሰደባችሁኝን አላመሰግንም። ምስጋና ላይ «ጠላቶቼንም፣ አጠንክራችሁኛልና» የሚል ሰው አለ። እኔ እዚያ ድረስ ጨዋ አይደለሁም።

አንድ ልመና አለኝ። «እቴቴን ቤቷ ሄደን እንይ» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። አትሂዱ። ፎቶዋን አትለጥፉ፣ ሰፈሯንም አትጥቀሱ። ለዓይኗ ሞራ ገንዘብ እናዋጣ ላላችሁም፣ ከሁለተኛው እትም የማገኘው ይበቃታል። ቀጠሮዋ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቡናዋን የምትጠጡ ጎረቤቶቿ ብቻ፣ በቀጠሮዋ ቀን አንዳችሁ አብራችኋት ሂዱልኝ። «ብቻዬን እሄዳለሁ» ትላለች፤ አትስሟት።

አክባሪያችሁ፣
የእቴቴ ልጅ