ያ ሥዕል ፎቶ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በዛሬዋ ቤልጂየም ስለኖረው የአንትወርፕ ሰዓሊ ቪለም ቫን ሃክትና ስለ አንድ ሥዕሉ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡናዬን እየጠጣሁ አነበብኩት። ደስ ይላል። ግን አንድ ቦታ ላይ ሥዕሉ «የሰብሳቢውን ቤት ልክ እንደ ፎቶ ያሳየናል» ትላላችሁ። እሷን ልለፋት ብል አልሆነልኝም።

ሥዕሉ የተሣለው በፈረንጆቹ 1628 ነው። ቤቱ የቅመም ነጋዴውና የሥዕል ሰብሳቢው የኮርኔሊስ ቫን ደር ኼስት ነው፤ ግድግዳው በሥዕል ከመሞላቱ የተነሳ ዓይን ማረፊያ ያጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሐውልቱ፣ ሉሉ፣ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው ሁሉ አለ። ባለቤቱ የክዊንተን ማሲስን የማርያም ሥዕል ለአገሩ ገዢዎች ለአልበርትና ለሚስቱ ለኢዛቤላ ሲያሳይ ይታያል፤ ዝነኛው ሰዓሊ ሩበንስም አጠገባቸው አለ። ባልና ሚስቱ ቤቱን የጎበኙት በ1615 ነው። አልበርት በ1621 ሞቷል። እዚያው ቆሞ የምናየው የፖላንዱ ልዑል ቭላዲስላቭ ግን አንትወርፕ የመጣው በ1624 ነው! የትኛው ካሜራ ነው እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነሳው?

እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቡፌው በላይ፣ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። አባቴ ከሞተ በኋላ ፎቶ ቤት ወስደን ካላየው የልጅ ልጁ ጋር ያስቀናበርነው ነው። ብርሃኑ አባቴን ከግራ፣ ልጁን ከቀኝ ይመታል። እንግዳ ሲመጣ ግን እማዬ «አያቱ እንዴት እንደሚወደው አያችሁ?» ትላለች፣ ማንም አያርማትም። ቫን ሃክትም የሠራው ይህንኑ ነው፤ ጌታውን ያከበሩትን ትልልቅ ሰዎች ሰብስቦ በአንድ ቀን ቤቱ አስገባለት።

ዕቃው ሁሉ ፈጠራ ነው እያልኩ አይደለም። ሰውየው የዚያ ስብስብ ጠባቂ ነበርና የሚሥለውን አሳምሮ ያውቀዋል። በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ራቁቷን የምትታጠብ ሴት አለች፣ የያን ቫን አይክ ሥራ ናት። ዋናው ጠፍቷል። መልኳን የምናውቀው ከዚህ ሥዕልና ሃርቫርድ ካለች አንዲት ትንሽ ቅጂ ነው። ይህቺን አለማንሳታችሁ ቆጨኝ።

በሩ አናት ላይ ያለውንም ጽሑፍ ዘላችሁታል። «ቪቭ ሌስፕሪ» ይላል፣ በፈረንሳይኛ «መንፈስ ለዘላለም ይኑር» እንደማለት ነው። «ኼስት» ደግሞ በደች መንፈስ ነው። ሰሙ መንፈስ፣ ወርቁ ባለቤቱ ራሱ! ለነገሩ አንባቢ ከየት ያገኘዋል፣ ያተማችሁት ምስል እኮ በሩ ጋ ተቆርጧል። በሚቀጥለው እትም ሙሉውን አውጡልን፣ ሰፋ አድርጋችሁ።