ሒሳብ መዝጋት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምዎ አይቀርም፤ ነገር ግን ልነግርዎ የፈለግሁት ነገር በስልክ ሲሆን አፌ ላይ ይያዝብኛል። ደግሞም ወረቀት ይዘው ቀስ ብለው ማንበብ እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ ፊደሉን ጎላ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ ጫማዎን አውልቀው ከአልጋው ጫፍ ይቀመጡና፣ እጆችዎን በጉልበቶችዎ ላይ አኑረው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ጥቂት ይቆዩ ነበር። ጸሎት እንዳልለው ከንፈርዎ አይንቀሳቀስም፤ እንቅልፍ እንዳልለው ዓይንዎ ክፍት ነው። አንድ ቀን ደፍሬ «ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ብጠይቅዎ «ሒሳብ እየዘጋሁ ነው» አሉኝ። እኔም የገንዘብ ነገር መስሎኝ፣ እኛን ለማሳደግ የተበደሩት ዕዳ ያለብዎ እየመሰለኝ፣ ለብዙ ዓመታት በልቤ ስሳቀቅ ኖርሁ። ይህንን እስከ ዛሬ ነግሬዎት አላውቅም።

ነገሩ የገባኝ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ እኔም ማታ ማታ ለብቻዬ መቀመጥ ከጀመርሁ ወዲህ ነው። ሐሳብና ሒሳብ የአንድ ሥር ልጆች እንደ ሆኑ፣ በግእዝ «ሐሰበ» ሲባል አሰበም ቈጠረም ማለት እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ እርስዎ ግን ቃሉን ሆነ ብለው እንደ መረጡት አሁን እጠረጥራለሁ። በባግዳድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ857 ያረፈው የእስልምና መምህር አል ሙሐሲቢ፣ የታወቀበትን ስም ያገኘው ከዚሁ ሥር ከወጣ የዐረብኛ ቃል ነው፤ ነፍሱን የሚተሳሰብ እንደ ማለት ነው። ከእርሱ 800 ዓመት ያህል ቀድሞ የኖረው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ደግሞ፣ መብራቱ ከተወሰደና ልማዱን የምታውቀው ሚስቱም ዝም ካለች በኋላ፣ የዋለውን ውሎ ከራሱ አንዳች ሳይሸሽግ እንደሚመረምር፣ ጥፋት ሲያገኝም ሁለተኛ እንዳይደግመው ራሱን አስጠንቅቆ ይቅር እንደሚል ጽፏል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የታወሰችኝ እናቴ ነበረች። ነፍሷን ይማርና፣ እርስዎ ሲቀመጡ መብራቱን ዝቅ አድርጋ እኛን በዓይኗ ዝም ታሰኘን ነበር፤ ከሒሳቡ እኩሌታው የእርሷ ሳይሆን አይቀርም።

እኔን ግን ለመቀመጥ ያነሣሣኝ፣ እውነቱን ልንገርዎና፣ ራሴን ለመመርመር መሻት አልነበረም፤ የፈለግሁት ሰላም ብቻ ነበር። ሥራውም የቤቱም ጣጣ ሲደራረብብኝ፣ በቀን ዐሥር ደቂቃ በር ዘግቼ እስትንፋሴን እየቈጠርሁ ብቀመጥ ውስጤ ይረጋጋል ብዬ አሰብሁ፤ ተረጋጋልኝም። አንድ ምሽት ቁጥሩ ሰባት ላይ ደርሶ ሳለ ልጄ ጫፉ የተሰበረ እርሳስ እንድቀርጽለት ይዞ በሩን አንኳኳ። ዝም አልሁት፤ ደግሞ አንኳኳ፤ በሦስተኛው ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ ጮኽሁበት። የእግሩ ኮቴ በኮሪደሩ ላይ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት፤ ከዚያም፣ ኀፍረት አልነበረኝምና፣ ቁጥሩን ከአንድ ጀመርሁ። ለራሴ ሰላም ፍለጋ ተቀምጬ ልጁን ሰላም ነሣሁት። በኋላ ወጥቼ ሳይ እርሳሱ ከደጃፉ ወለል ላይ ተኝቷል፤ እርሱም ሌላ ፈልጎ የቤት ሥራውን ጨርሷል። ያን እርሳስ ቀርጬ ከጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ነው፤ በሩንም ከዚያ ወዲህ ገርበብ እንጂ ዝግ አላደርገውም።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ራሴን በሠንጠረዥ ለማሻሻል ሞክሬ ነበር። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን 13 በጎ ጠባያትን ዘርዝሮ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሳምንት እየሰጠ፣ በተሳሳተ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ጥቁር ነጥብ ያሳርፍ ነበር፤ በዚህ ስሌት ዙሩ በዓመት 4 ጊዜ ይደርሳል። 13ኛው ትሕትና ሲሆን፣ እርሱንም የጨመረው አንድ ወዳጁ ሰዎች ትዕቢተኛ ይሉሃል ብሎ ስለ ነገረው ነው። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ተውሁት፤ ነጥብ የሌለበትን ገጽ እያየሁ ስመጻደቅ ራሴን አገኘሁታ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የፍቅር ነገር ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስሪላንካ ይጽፍ የነበረው የቡድሃ እምነት ሊቅ ቡድሃጎሳ፣ በፓሊ ቋንቋ «ሜታ» የሚባለውን በጎ ምኞት በልብ ውስጥ ለማሳደግ ቅደም ተከተል አበጅቶለታል፤ ሰው አስቀድሞ ለራሱ ደኅንነትን ይመኛል፤ ቀጥሎ ለሚወደውና ለሚያከብረው፣ ከዚያም ለማይወደውም ለማይጠላውም፣ በመጨረሻ ለሚጠላው። የሃይማኖታችን መንገድ ሌላ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ለመለማመጃ ይጠቅማልና ብዙ ምሽት ሞክሬዋለሁ። ሊቁ ጠላትን ከመጨረሻው ያኖረው ከባድ በመሆኑ ነው፤ እኔን ግን የከበደኝ ሁለተኛው፣ የምወደው ሰው ነው። ጠላቴን ሳስብ ቢያንስ እተጋለሁ፤ የምወደውን ሰው ግን እንደምወደው ስለማውቅ ሳላየው አልፈዋለሁ። ፍቅሩ አለ፣ እርሱ ግን ከዓይኔ ፊት የለም። አባቴ ሆይ፣ በዚያ ስፍራ ላይ ያኖርሁት እርስዎን ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እርሱ ነው። ባለፈው ወር በደወልሁልዎት ጊዜ፣ የእርስዎ አባት ማንበብ ያስተማሩዎትን ታሪክ፣ በጣታቸው መሬት ላይ ፊደል እየጻፉ እርስዎ በእግርዎ እያጠፉ የተማሩትን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ይነግሩኝ ጀመር። እኔም ስልኩን በላውድ ስፒከር ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁትና፣ በየመካከሉ «እሺ» እያልሁ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎቼን መመለስ ቀጠልሁ። ጥቂት ቆይቶ ድምፅዎ ተቋረጠ። እንደ ተቋረጠ እንኳ ያስተዋልሁት «አለሽ?» ሲሉ ነው። «አለሁ» አልሁዎት።

በዚያች ማታ ሒሳቤን ልዘጋ ስቀመጥ፣ ከቀኑ ሥራና ንግግር ሁሉ እምቢ ብሎ የቀረው ያ ቃል ነው። በቀኑ ውስጥ ሌላ የዋሸሁት አላስታውስም፤ ያን ግን ዋሽቻለሁ። ነገር የሚደጋግሙት ስለሚረሱ ነው እያልሁ ለራሴ ምክንያት አቀረብሁ፤ ቢሆንስ? ሦስት ጊዜ ሲነገረኝ የአያቴ ጣት አንዱን ፊደል እንኳ ምን ብሎ እንደ ጀመረ አላውቅም። ሴኔካ ራሱን ይቅር ብሎ ይተኛ ነበር፤ እኔ ግን የእርስዎ የሆነውን ይቅርታ ለራሴ ልሰጥ ስላልቻልሁ፣ ይኸው በወረቀት እጠይቅዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደግሞም አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለ። ያኔ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው ሒሳቡ አልዘጋ ያለዎት ሌሊት ነበረን? ምን ያደርጉ ነበር? እየተነሡ ወደ እኛ መኝታ መጥተው ብርድ ልብሳችንን የሚያስተካክሉበት ሌሊት እንደ ነበረ አስታውሳለሁ፤ ተኝቼ አልነበረም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ምናልባት ያ ይሆን?

እሑድ ስደውል ስልኩ በእጄ ነው የሚሆነው። እባክዎ ያን ታሪክ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ መጀመሪያ መሬት ላይ የተጻፈው ፊደል የትኛው ነው?

አክባሪ ልጅዎ