የጃይሳልሜር ምሽግና ውሃው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የነገሥታት ምድር በምትባለው የሕንዷ ራጃስታን የቅርስ ቱሪዝም ስላስገኘው ዕድገት ስትጽፉ፣ በታር በረሃ ውስጥ ያለው የጃይሳልሜር ምሽግ የሚደርስበትን ጉዳት ሳታነሡ ማለፋችሁ አሳስቦኛል። ራዋል ጃይሳል እ.ኤ.አ. በ1156 የቆረቆረው ይህ ምሽግ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ስድስት የራጃስታን ምሽጎች አንዱ ነው፤ ዛሬም ሰዎች ይኖሩበታል።

ችግሩ ውሃ ነው። ውሃ በእንስራ እየተቀዳ በቁጠባ ይኖርበት በነበረ ዘመን የተገነባው የቢጫ አሸዋ ድንጋይ ግንብ፣ በውስጡ የተከፈቱት የእንግዳ ማረፊያዎች መታጠቢያና መጸዳጃ የሚለቁትን ፍሳሽ መቋቋም አቅቶታል፤ ከሥሩ ያለው ሸክላማ አፈር በራሰ ቁጥር ግንቡ ይሰነጠቃል። ለትምህርት ሕንድ ሳለሁ ልጎበኘው ሄጄ፣ ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር የጠቆረውን ድንጋይ በጣቴ ብነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

ማረፊያዎቹ ከምሽጉ ውጭ ቢሠሩ፣ ከጎብኚዎች የሚገኘው ገቢም ከማስታወቂያ በፊት ለፍሳሽ መስመሩ ቢውል ይበጃል እላለሁ። ነዋሪዎቹን ማስነሣት ግን ፈጽሞ መፍትሔ ሊሆን አይገባም፤ ምሽጉን በየትውልዱ ጠብቀው ያቆዩት እነሱ ናቸውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ