ስለ እንጉዳይና ጉበት የጻፋችሁት ማረሚያ ያስፈልገዋል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ በጤና ዓምድ ላይ ስለ እንጉዳይና ጉበት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ፋርማሲስት ነኝ። ጽሑፉ ደህና ደህና ነገር አለው፤ አንድ አንቀጹ ግን አላስችል ብሎኝ ብዕር አነሳሁ። የኮሌስትሮል ክኒን የሰለቸው ሰው ክኒኑን ትቶ የቀይ እርሾ ሩዝ ካፕሱል ቢጀምር «ተፈጥሯዊ አማራጭ» ያገኛል፣ ጉበቱም ከኬሚካል ያርፋል ይላል።

ይህ ውሃ አያነሳም። ቀይ የእርሾ ሩዝ ማለት ሞናስከስ የሚባል ሻጋታ የበቀለበት ሩዝ ነው። ሻጋታው ሩዙን ያቀላዋል፤ ሞናኮሊን ኬ የተባለ ንጥረ ነገርም ይሠራል። ሞናኮሊን ኬ ደግሞ ሎቫስታቲን ነው። ይመሳሰላሉ ማለቴ አይደለም፤ አንድ ናቸው። ሎቫስታቲን በ1987 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የተፈቀደ የመጀመሪያው ስታቲን ነው፤ ስታቲን የሚባሉት ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ናቸው። ስለዚህ ክኒኑን ጥሎ ካፕሱሉን ያነሳ ሰው ከምንም አላረፈም። ያንኑ መድኃኒት ልኩ ሳይታወቅ እየዋጠ ነው።

የስታቲን ታሪክ እኮ ከመነሻው የሻጋታ ታሪክ ነው። አኪራ ኤንዶ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስድስት ሺህ ያህል የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ፈተሹ። ግምታቸው ቀላል ነበር። ሻጋታ ከሌሎች ተሕዋስያን ጋር ይሻማል፤ ስለዚህ የተቀናቃኙን የስብ ምርት የሚያቋርጥ ነገር ሊያመነጭ ይችላል። በ1973 ሩዝ ላይ ከተገኘ ፔኒሲሊየም ሲትሪነም ከተባለ ሻጋታ ኮምፓክቲንን አወጡ። ሎቫስታቲን የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁሉም ሥራቸው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ይይዙበታል፤ ጉበቱም ሲያጥረው ከደም ይስባል። «ተፈጥሮ» እና «ኬሚካል» ብላችሁ የለያችኋቸው ሁለት ነገሮች ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

ልዩነቱ ያለው ልኩ ላይ ነው። ክኒኑ ላይ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ተጽፏል፤ እውነትም ያን ያህል አለው። ካፕሱሉ ግን እንደ ሻጋታው ዝርያና እንደ አመራረቱ ይለያያል። አንዱ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ሙሉ የመድኃኒት መጠን ሊይዝ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 የሞናኮሊን መጠን በቀን ከ3 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን የወሰነው ዝም ብሎ አይደለም። በ2024 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ቀይ የእርሾ ሩዝ የያዘ ሰፕልመንት የወሰዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። ብዙዎቹ የታመሙት ኩላሊታቸውን ነው። ምርቱ ሲመረመር ፒዩቤሩሊክ አሲድ የሚባል፣ ሌላ ሻጋታ የሚያመነጨው ውሕድ ተገኘበት። ሻጋታ የምታሳድግበት ቦታ ያልጋበዝከው ሻጋታም ይመጣል።

እኛ መድኃኒት ቤት ይህ ሁሉ የሚታየው እንዲህ ነው። አንድ ሰው የሐኪም ማዘዣ ይዘው ይመጣሉ። «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ስላቸው «የለም» ይላሉ። ሄድ መለስ ብዬ ስጠይቅ ከቦርሳቸው አንድ ብልቃጥ ይወጣል። «ይሄማ መድኃኒት አይደለም፣ እንጉዳይ ነው።» ብልቃጡ ላይ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ የሬይሺ እንጉዳይ ፎቶ አለ። ጀርባውን በትንንሽ ፊደል ሳነበው ግን «እህል ላይ ያደገ ማይሲሊየም» ይላል። ይህ እንጉዳዩ ራሱ ሳይሆን ሥር መሳዩ ክር ነው፤ ከበቀለበት እህል ጋር አብሮ ተፈጭቷል። ከፊሉ ስታርች ነው ማለት ነው። በ2017 የታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ የተገዙ 19 የሬይሺ ምርቶችን መርምሮ መለያቸው ላይ ከተጻፈው ጋር የገጠሙትን ቢቆጥር 5 ብቻ ሆኑ። እንግዲህ ጽሑፋችሁ «ሬይሺ ይረዳል» ሲል የትኛውን ማለቱ ነው?

ትክክለኛው ሬይሺም ቢሆን አይጥ ላይ ያሳየውን ሰው ላይ አልደገመውም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2015 ያወጣው ግምገማ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ሰብስቦ አይቷል። ሬይሺ የልብና የደም ሥር ሕመም አጋላጭ ሁኔታዎችን ይቀንሳል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። የሬይሺ ዱቄት ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው ግን የመርዘኛውን እንጉዳይ ነገር ነው። እንጉዳይና ጉበት ተብሎ አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለውን ገዳይ እንጉዳይ መዝለል አይገባም። ጣዕሙ አይከፋም፤ የበሉትና የተረፉ ሰዎች ይጥም ነበር ይላሉ። መቀቀልም ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም። ከተበላ በኋላ ስድስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም የለም። ከዚያ ትውከቱና ተቅማጡ ይጀምራል። ቀጥሎ ጋብ ይላል፤ ታማሚው «ተሻለኝ» ብሎ ቤቱ ይገባል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ፋታ ውስጥ መርዙ የጉበት ሕዋሳት ፕሮቲን የሚሠሩበትን መንገድ እየዘጋ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ያኔ ጉበት ከመቀየር ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል።

የሚገርመው ደግሞ ለዚህ መርዝ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ከተክል የተገኘ መሆኑ ነው። ሚልክ ቲስል ከሚባለው እሾሃማ ተክል ዘር የሚወጣው ሲሊቢኒን በደም ሥር ሲሰጥ መርዙ ወደ ጉበት ሕዋስ እንዳይገባ በሩን ይዘጋበታል። እናንተም ሚልክ ቲስልን አመስግናችኋል፤ ምስጋናው ይገባዋል። ግን በደም ሥር፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በተለካ መጠን የሚሰጥ ነገርና በካፕሱል የሚዋጥ ዱቄት አንድ አይደሉም። በ2012 ይፋ በሆነ ሙከራ የሄፓታይተስ ሲ ሕመም ያለባቸው 154 ሰዎች ከዚሁ ተክል የተሠራውን ሲሊማሪን ወይም መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ለ24 ሳምንታት ወሰዱ። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ ከፍ የሚለውን የጉበት ኢንዛይማቸውን በመቀነስ ሲሊማሪኑ ከአስመሳዩ ክኒን አልበለጠም።

አረንጓዴ ሻይም እንደዚሁ ነው። ተፈልቶ ሲጠጣ ሻይ ነው። ተጨምቆ ካፕሱል ሲሆንና ኢጂሲጂ የሚባለው ውሕድ በቀን 800 ሚሊ ግራም ሲደርስ ግን የጉበት ኢንዛይም ከፍ ማለት እንደሚታይ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 አሳውቋል። እርድም ከቁንዶ በርበሬ ንጥር ጋር በካፕሱል ሲሆን ሰውነት የሚወስደው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች የታዩትም በዚያ ነው። «ጉበት ያጸዳል» የሚለውን ማስታወቂያ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ካፕሱሉን የሚያጸዳው ማን ሆነና?

እንጉዳይ ጠላቴ እንዳይመስላችሁ። ታውቆ የተገዛ የምግብ እንጉዳይ በሥጋ ፋንታ ሲበላ ጥሩ ነው፤ ሰውነታችን የማይሠራውን ኤርጎታዮኒን የሚባል ንጥረ ነገርም በብዛት የምናገኘው ከእሱ ነው። ጉበቱ ስብ የያዘበትን ሰው የሚረዳው ግን አሰልቺው ነገር ነው። ውፍረት ካለ ክብደትን 5 በመቶ መቀነስ ስቡን ያወርዳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ብግነቱም ይቀንሳል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን፣ ማለትም አጃ ውስጥ ያለው አሰር፣ ኮሌስትሮልን ያወርዳል። ቡና የሚጠጡ ሰዎችም ላይ የጉበት ጠባሳ ያነሰ ሆኖ ይታያል።

ማረሚያውን በዚያው ዓምድ፣ በዚያው ፊደል መጠን እንድታወጡት እለምናለሁ። ቀይ የእርሾ ሩዝ ስታቲን መሆኑን ጻፉ። የታዘዘላቸውን ስታቲን ያቆሙ ካሉ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ሁለቱን ደርበው የሚውጡ ካሉ ድርብ መጠን ሊሆንባቸው እንደሚችል፣ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታከለበትም የባሰ እንደሆነ ይወቁ። ነፍሰ ጡሮች አይንኩት። ጡንቻው ያለምክንያት የታመመ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ደግሞ ብልቃጡን ይዞ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ ፋርማሲስት