ቤዚ፣ የዝምታዬ ምክንያት ያ ማሽን ነው

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድሽ ቤዛ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱም እንደተውሽው ነው፤ ጥቅምት ገብቶ እንኳ ከከዚራ ዛፎች ጥላ መውጣት ያስጠላል።

ሁለት ዓመት ለምን እንደጠፋሁ ከምዞር በቀጥታ ልናገርና ይውጣልኝ፤ የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ ነው። «ስቲከር ቁረጪበት» ብለሽ የላክሽልኝን ብር እንዳባከንኩ ስለማውቅ ፊትሽን ፈራሁ። ስትደውዪ «ሥራው እንዴት ነው?» ትይኛለሽ ብዬ ስልኩ እስኪዘጋ አየዋለሁ። አንዴ እማዬ አንስታ «ገላዋን እየታጠበች ነው» ብላሻለች። አልታጠብኩም፣ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

አንቺ ትንሿን ግዢ ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን የማስታወቂያ ቤቱን የሚዘጋ ሰው ባለ 28 ኢንች ከተር ሲያሳየኝ «በትንሿ ዋጋ ትልቁ ከተገኘማ!» አልኩ። 28 ኢንች ማለት 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሱቅ መስታወት ላይ ለሚለጥፍ ሰው ጥሩ ነው። የኔ ትልቁ ስቲከር ግን ከመዳፌ አይበልጥም፤ የተማሪ ደብተርና የውሃ ኮዳ ላይ ስም፣ የበርበሬና የሽሮ ዕቃ ላይ ጽሑፍ፣ አልፎ አልፎ የባጃጅ ጌጥ። ባጃጅ ካልኩሽ፣ ማሽኑን ራሱን ሳቢያን ድረስ ያመጣነው በባጃጅ ነው፤ ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ እኔ እግሩን አቅፌ። ሰው ሁሉ አልጋ የገዛሁ መስሎት «ለመልካም ያድርግልሽ» ይለኛል።

የጨረሰኝ ፊደላችን ነው። የእነዚህ ማሽኖች ምላጭ እንደ ወንበር ጎማ ከኋላ እየተጎተተ የሚዞር ነው፤ ጫፉ መሃል ላይ ስላልሆነ፣ ፕሮግራሙ ያቺን ልዩነት ካላወቃት ማዕዘኑ ይዶለዱማል፣ ክቡም ከጀመረበት ሳይገጥም ይቀራል። የኔው ላይ ደግሞ የምላጩ ማቀፊያ አርጅቶ ይወዛወዛል። ትልቅ ጽሑፍ ላይ ማንም አያየውም። አንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው «ቤ» ላይ ግን የእግሩ ቀለበት ክፍት ሆኖ ይቀርና ትርፉን ስለቅም አብሮ ይነሳል። የእንግሊዝኛው ፊደል ይህ ችግር ያን ያህል የለበትም፤ ኃምስ የለውማ! ሙቀቱ ደግሞ ባሰበት፤ ቀትር ላይ ሙጫው ይለሰልስና ስቲከሩ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ለቀማውን የምሠራው ጎህ ሲቀድ ነው። ማሽኑ ግን ሲቆርጥ ይጮሃል፤ በዚያ ሰዓት ጎረቤት አስነስቼ ተመክሬአለሁ።

መብራት መሃል ላይ ሲጠፋማ ማሽኑ የት እንደነበረ ይረሳዋል፤ የተጀመረው ሁሉ ወደ ቆሻሻ። ፕሮግራሙም በሲዲ የመጣ ነው፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ በስተቀር አይሠራም። አሁን ማሽኑ ኮሪደር ላይ ቆሟል፤ እማዬ ፎጣ ታሰጣበታለች።

ባለፈው ክረምት አብራኝ የምታስተምር ልጅ ሲልዌት ፖርትሬት የምትባል ትንሽ መቁረጫ አምጥታ ለአንድ ሳምንት አዋሰችኝ። ስፋቷ 8 ኢንች ብቻ ነው፤ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። ያቺኑ «ቤ» ቆረጥኩባት፤ ቀለበቱ ገጠመ! ማመን አቅቶኝ ስልኬን አጉሊ አድርጌ አየሁት። የዚያን ቀን ልደውልልሽ ነበር፤ ደግሞ አፈርኩ።

እንግዲህ ለቁልቢ፣ ለታኅሣሥ 19፣ እንደምትመጪ እናትሽ ለእማዬ ነግረዋታል። ልመናዬ ይኸውልሽ። ዱባይ ሱቅ ስትገቢ መጀመሪያ ክሪከት የሚባለውን መቁረጫ ነው የሚያሳዩሽ፤ ቆንጆ ነው፣ ቀለሙም ያባብላል። ግን ፕሮግራሙ አካውንት ይፈልጋል፣ አብዛኛው ሥራውም ከኢንተርኔት ጋር ነው። እኛ ሰፈር ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል። ትንሿ ክሪከት ጆይ ደግሞ 4.5 ኢንች ነች፤ ለአንድ ስም ትበቃለች፣ የክፍል ሙሉ ተማሪ ስም አንድ ገጽ ላይ ለመደርደር ግን ትጠባለች። የሲልዌት ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይቆርጣል። በነፃ የሚገኘው ፕሮግራም ኤስቪጂ የሚባለውን የሥዕል ፋይል አይከፍትም፤ ግድ የለም፣ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ሠርቼ ዲኤክስኤፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጥለታለሁ፣ መንገዱን ለምጄዋለሁ።

ከሲልዌት ካሜኦ የሚባለው 12 ኢንች አለ። ልቤ ወደሱ ያዘነብላል፣ አልዋሽሽም። ግን ልቤን አንዴ ሰምቼው ኮሪደር ላይ ቆሟል። ፖርትሬቷን አምጪልኝ። ኤ4 ላይ በቀለም አትመሽ ስትሰጫት ጥጉ ላይ ያሉትን ጥቁር ምልክቶች በዓይኗ አንብባ በሥዕሉ ዙሪያ ትቆርጣለች፤ አሮጌው ይህ ዓይን የለውም። ያለችው ሁለተኛ እጅ ናት ካሉሽ ግን ተያት፤ በቃኝ።

ከሷ ጋር ሁለት ትርፍ ምላጭ ያዥልኝ፤ ታይዋን ገበያን ሁለቴ ዞሬ አላገኘሁም። ስቲከሩን እዚህ አገኛለሁ፣ ኦራካል 631 የሚባለውን ስቲከር ብቻ ካየሽ አንድ ጥቅል ጨምሪልኝ። ደብዛዛ ነው፣ ሲነሳም ሙጫ አይተውም፤ ለደብተርና ለግድግዳ እሱ ይሻላል። ለባጃጅና ለኮዳ የሚያብረቀርቀው 651 አለኝ። የዱባይ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ መቀየሪያውን እኔ እገዛለሁ፣ ለሱ ሻንጣ አታጣቢ።

ብሩን በተመለከተ፣ የዚህኛው ዋጋ ከኔ ነው። እምቢ ብትዪ እናትሽ እጅ አስቀምጠዋለሁ። የበፊቱንም ማሽን የሚገዛ ሱቅ አግኝቻለሁ፤ ለትልልቅ ፊደል ይሆነዋል፣ ማቀፊያው እንደሚወዛወዝም ነግሬዋለሁ። የሚከፍለኝ አንቺ ከላክሽው ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪውን ቀስ ብዬ እከፍልሻለሁ፤ «ተይው አቦ!» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ግን አትበዪኝ።

የምትደርሺበትን ቀን ላኪልኝ፤ ኤርፖርት በባጃጅ መጥቼ እጠብቅሻለሁ። አንቺ ከውስጥ ሻንጣሽ ከውጭ።

ፖስታው ውስጥ ስምሽን ቆርጬ አስቀምጬልሻለሁ፣ በአሮጌው ማሽን የመጨረሻ ሥራዬ ነው። የ«ቤ»ን ቀለበት በመርፌ ጫፍ ነው የገጠምኩት፤ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ተጫኚው እንጂ አትላጪው።

ያንቺው ትግስት