ይድረስ ለጊዶሌው ወዳጄ

ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? አንተ ደህና ነህ? አባትህስ? ጤናቸው እንዴት ነው?

እናትህስ ብዬ መጠየቅ አልችልም። ይሄ ደብዳቤ አራት ዓመት የዘገየውም በሳቸው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እሱን ልናገር።

ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ፒያሳ መንገድ ላይ ያገኘሁት የዲፓርትመንታችን ልጅ ነገረኝ። የማውቅ መስሎት ነበር። ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ስምህን ፈለግኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ማታ ቤት ገብቼ እደውላለሁ አልኩ። ማታው ነገ ሆነ። ነገ ደግሞ ሳምንት። ወር ሲሞላ እፍረት ያዘኝ። ካፈርኩ በኋላማ ስልኩ ራሱ ከበደኝ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ብሎ ይደውላል? ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ልፈልግም አልሞክርም።

እሳቸው በየሴሚስተሩ የደረቀ ሽፈራው በፌስታል ሲልኩ "ለሁለታችሁ ነው" ይሉ ነበር። በስልክ ስናወራ አማርኛው ሲያስቸግራቸው ስሜን ብቻ ደጋግመው ጠርተው ይስቁ ነበር። እንዲህ ላሉ እናት ለቅሶ አለመድረሴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። አንተም ይቅር በለኝ።

አሁን ብዕር ያስነሳኝን ልንገርህ።

ታናሽ እህቴን ታስታውሳታለህ? ስንመረቅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ አበባ አቅፋ የመጣችው። ዛሬ እሷም የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆናለች። ዋናው ግቢ፣ ሁለተኛ ዓመት። ባለፈው ቅዳሜ ከሦስት የዶርም ጓደኞቿ ጋር መጥታ "ላይቭ አለ፣ አብረኸን ና" አለችኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ሄድኩ። ሐይቁ አጠገብ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹ ወጣቶች ናቸው። ክራር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ከጎን አንድ ላፕቶፕ። ደስ ይላል፤ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ፕሮግራሙ እኩል ላይ ሲደርስ ስድስት ልጆች ቀርከሃ ይዘው ወጡ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። የመጀመሪያው ነፋ። ሁለተኛው ተቀበለው። ሦስተኛው መሀል ገባ። ሳላውቀው ከወንበሬ ተነስቻለሁ። "ፊላ!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ የናንተው የጊዶሌ የቀርከሃ ዋሽንት። እህቴ ዞር ብላ "ፊላ ምንድነው?" አለችኝ። ስላንተ ሳላወራ ፊላን ማስረዳት አቃተኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ እስከ ግቢያቸው በር ድረስ ያወራሁት ስላንተ ነው።

2006 ዓ.ም.፣ ፍሬሽ እያለን ያደረግከውን ነገርኳት። በዚያች ትንሽ ስልክህ የቀረጽከውን የአባትህንና የሰፈሩን ሰዎች ፊላ ስታሰማን "ይሄ ጫጫታ ምንድነው?" ያልኩህ እኔ ነኝ። አልተቆጣህም። በማግስቱ ማታ ስድስት ባዶ ሃይላንድ ይዘህ መጣህ። በአንዱ ብዙ፣ በአንዱ ትንሽ ውሃ ጨመርክና ለእያንዳንዳችን ሰጠኸን። "አፉ ላይ ንፉ፤ ግን ተራህ ሲደርስ ብቻ።" አልጋችን ላይ ተቀምጠን ለግማሽ ሰዓት ያህል ትርጉም የሌለው ነገር ስንነፋ ቆየን። ከዚያ በድንገት ዜማ ሆነ። ማናችንም ዜማውን አልያዝነውም፤ በመካከላችን ነበር። የጎንደሩ ልጅ ሳቅ አመለጠውና ተራውን ሳተ። ዜማው ላይ ቀዳዳ ተሰማ። "አየህ፣" አልከው፣ "ያንተን ማንም ሊሞላልህ አይችልም። ሌላው ሃይላንድ ያንተ ድምፅ የለውም።" ያኔ ፕሮክተሩ በሩን ደበደበ።

እኔ ሙዚቃ መስማት የጀመርኩት ያን ማታ ነው። ከዚያ በፊት ዘፈን ነበር የምሰማው። ግጥሙን፣ ዘፋኙን፣ ክሊፑን። ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ አልሰማም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። መናኸሪያ አካባቢ ዘፈን የሚጭኑልን ሱቅ ነበር። ፍላሽ እንሰጣለን፤ ሞልቶ ይመለሳል። ግማሹን የማናውቀው ነው። ደስታውም እሱ ነበር። የዘፋኙ ስም የለም፣ "ትራክ 07" ይላል። ማን ይሆን እያልን ስንከራከር እንቅልፍ ይወስደናል።

አንዱ ትራክ ቃል አልነበረውም። አኮርዲዮን ብቻ ከሆነ ሩቅ ድምፅ ጋር። ላይብረሪ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ቀን ፈልገህ ባለቤቱን ያገኘኸው አንተ ነህ። ሃይሉ መርጊያ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው። አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ብቻውን ያን ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ እየዞረ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። አንተ ይህን ስታነብልኝ ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። "መኪና ውስጥም ቢሆን አልተወውም" አልክ። በነዚህ አራት ዓመታት ዝም ባልኩ ቁጥር ያች ዓረፍተ ነገር ትመጣብኝ ነበር።

ቅኝትንም፣ ዜማ የሚሠራባቸውን የድምፅ አሰላለፎች፣ ያወቅነው ያኔ ነው። የኪነት ቡድኑ ሲኒየር በክራሩ ለየብቻ ሲያሰማን፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ካፌ ተሰልፈን ሚኒ ሚዲያው የሚለቀውን "ባቲ ነው"፣ "አይ ትዝታ ነው" እያልን እንወራረድ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ድምፅ ያላቸውን እነዚህን ቅኝቶች ከአስራ ሁለቱ የፈረንጅ ድምፆች ጋር ሳይበላሹ እንዴት እንዳስማማቸው የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ግን ጥያቄ አነሳህ። "ፊላ የትኛው ቅኝት ነው?" ሲኒየሩ ዝም አለ። የጨንቻው ልጅ ደግሞ የዶርዜዎችን ዘፈን ጨመረበት። እዚያ አንድ አውጪና ብዙ ተቀባይ ብቻ አይደለም፤ የተለያየ ድምፅ በአንድ ጊዜ ተደራርቦ ይሄዳል። አሁንም የማምንበት ነገር ነው፦ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ቅኝት ነው ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም። ሐዋሳ ተቀምጦ ደግሞ እንዲህ ማለት ነውር ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ጉዱማሌ ወርደን የቄጣላውን ጭፈራ ስንሰማ፣ ምድሩ በእግር ሲመታ፣ "ይሄስ የት ይመደባል?" እያልክ በክርንህ ትጎሽመኝ ነበር።

ለእህቴ በደንብ የነገርኳት ግን ስለዚያ ኮንሰርት ነው። ጂሲ፣ ተመራቂ ሆነን፣ 2010። ትኬቱን ለመግዛት ካልኩሌተርህን ሸጥክ። ለፋይናል በኔ ተፈተንክ፤ እኔ ጨርሼ ስወጣ በፈታኙ በኩል አቀበልኩህ። ኮንሰርቱ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ጀመረ። ድምፁ አልተስተካከለም፤ ማይኩ ይጮሃል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ።

ያን ጨለማ መቼም አልረሳውም። ጊታሩ ሞተ፣ ኪቦርዱ ሞተ። ድራመሩ ግን አላቆመም። አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም። ዘፈኑን ሕዝቡ ተቀብሎ ዘፈነው፤ ዘፋኙ ያለ ማይክ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አብሮን ይዘፍናል። ድራሙ በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነበር የሚገባው። ጀነሬተሩ ሲነሳ የተቆጡ ሰዎች ነበሩ። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

ስንመለስ የግቢው በር ተዘግቷል። ከጥበቃው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነጋ። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር እንደነበር ያወራኸኝ ያኔ ነው። ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል፤ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አይችልማ። "እኛም ሰዓት እላፊ ላይ ነን" አልክ። ሲነጋ አሞራ ገደል ወረድን። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲገቡ፣ አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ከበው ሲጠብቁ። በቀረን ብር አንድ የዓሣ ሾርባ አዘዝንና በሁለት ማንኪያ ጠጣን።

እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ "እናንተ እንዴት ታድላችኋል" አለች። እኔ ደግሞ በእነሱ ቀናሁ። መጀመሪያ ላይ እናደድባት ነበር። ዘፈን የምታውቀው በቲክቶክ ነው፤ አስራ አምስት ሰከንድ ሰምታ ታልፋለች እል ነበር። ተሳስቻለሁ። አንድ ቀን ከአንድ ሪሚክስ ተነስታ፣ ዋናውን ስትፈልግ፣ ሙሉቀን መለሰ ጋ ደርሳ አገኘኋት። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስትሰማ አደረች። መንገዱ ይለያል እንጂ የኛው ፍላሽ ነው። ደግሞ ገንዘብ አጠራቅመው ላይቭ ይሄዳሉ። ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ፣ እውነት ነው። ፊላው ሲጀምር ግን አራቱም ስልካቸውን አውርደው ነበር። አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ ኮንሰርት ብዙም ሳይቆይ የሮፍናን "ነፀብራቅ" ወጣ። አስታወስክ? የባህሉን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ሲያዋህደው ሰምተህ "ፊላንም እንዲህ ማድረግ ይቻላል" አልክ። በተዋስከው ላፕቶፕ ላይ የአባትህን ቀረጻ ቆራርጠህ ከድራም ጋር ስታስማማ ታድር ነበር። ልንመረቅ አንድ ሳምንት ሲቀረን አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ደርሶልህ ነበር። ከዚያ ጋውን፣ ፎቶ፣ ሻንጣ፣ መናኸሪያ። ሳትጨርሰው ተለያየን።

እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ማታ ቤት ገብቼ የድሮውን ፍላሽ ፈለግኩ። ይከፍታል። እሁድ እህቴ መጥታ ሰማችው። መጨረሻው ላይ ቀጥ ሲል "ቀሪውስ?" አለችኝ።

ጊዶሌ ተመልሰህ ማስተማር እንደጀመርክ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እኔ ነኝ የምመጣው። ናልኝ አልልህም፤ መምጣት ያለብኝ እኔ ነኝ። ከመሥሪያ ቤት አንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። በሶዶ አድርጌ አርባ ምንጭ አድራለሁ፤ ከዚያ በጠዋት እነሳለሁ። መጀመሪያ አባትህ ዘንድ ለለቅሶ እገባለሁ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም እገባለሁ። ከዚያ እናትህ ወዳረፉበት ትወስደኛለህ። ፍላሹን ይዣለሁ።

ፊላ የሚነፋበትን ወቅት የምታውቀው አንተ ነህና ጉዞዬን በዚያ ላስተካክለው፤ መቼ እንደሆነ ጻፍልኝ። አባትህ ሲነፉ ከስልክ ሌላ በምንም ሰምቼ አላውቅም። ጋቢ ልግዛላቸው አስቤ ነበር፤ እዚያ ሙቀት ይሆን ይሆን? ምን እንደሚወዱ ንገረኝ።

የድሮው የዶርም ጓደኛህ
ከሐዋሳ