ለልጄ፦ ከእንግዲህ አንቺ አታስተረጉሚልንም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

አንድ ክፍል ውስጥ እያደርን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ፊት ለፊት ልነግርሽ ሁለት ቀን ሞከርኩ፤ አንደበቴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ደብተርሽ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ።

ነገሩ የማክሰኞው የክሊኒክ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። አንቺ ዝም ብለሽ ሰማሽውና ወደ እናትሽ ዞረሽ «ዕረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ» አልሻት። እኔ ግን የጃኬትሽን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ስትስቢ አይቼሻለሁ። ማታ እሷ ስትተኛ ደጅ ጠርተሽ ነገርሽኝ፦ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ገና 12 ዓመትሽ ነው። ያንን ቃል ቀኑን ሙሉ ብቻሽን ይዘሽው ዋልሽ።

ከዓለም ስደተኞች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንደኛው ጎረቤት አገር ነው የሚጠለሉት። ቅርብ ስለሆነ ቶሎ የምንለምደው መስሎኝ ነበር። ድንበሩን በእግራችን ተሻገርነው፤ ቋንቋው ግን በእግር አይሻገሩት ነገር። አንቺ ከልጆች ጋር ስትጫወቺ በወራት ውስጥ ለመድሽው። እኛ ሰላምታ ላይ ቀረን። ከዚያ ወዲህ አከራዩ ሲመጣ አንቺ፣ ቢሮ ስንጠራ አንቺ። የኪራዩ ቀን ሲያልፍም «ትንሽ ጊዜ ስጠን» ብለሽ የለመንሽልን አንቺው ነሽ።

አሻራችንንና የዓይናችንን ፎቶ የሰጠንበት ቀን ትዝ ይልሻል? መዝጋቢዋ ለምን እንደሸሸን ጠየቀች። አንቺ ፊት አንስተነው የማናውቀውን ነገር በአንቺው አፍ አስወራንሽ። ይህ እስካሁን ያመኛል። አስተርጓሚ ስጡን ማለት እንደሚቻል፣ እናትሽም ሴት ትሁንልኝ ማለት እንደምትችል የሰማሁት በኋላ ነው።

20 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ዛሬ አሸዋ እዝቃለሁ። ዲፕሎማዬ እዚያው ቀረ። ኤምባሲ ሄጄ እንዳላስወጣ የሸሸነው ከዚያው መንግሥት ነው፤ ያለንበትን ብነግራቸው እዚያ የቀሩት ዘመዶቻችን ላይ ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ይሁን፣ እሱን እኔ እችለዋለሁ። የማልችለው ያንቺን ነው።

ቋንቋው እስኪገባሽ ተብሎ ሁለት ክፍል ዝቅ አድርገው አስገቡሽ። አንድም ቀን አላማረርሽም። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 ስደተኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን እንደ አገሬው ሰው እኩል እንዲያገኝ ይላል። እኔ ግን ያንን ትምህርት በገዛ እጄ ስቀማሽ ከርሜያለሁ። ያለፈውን ወር ቆጠርኩት፤ 9 ቀን ቀርተሻል። ዘጠኙንም ቀን እኛን ይዘሽ ስትዞሪ ነው የዋልሽው።

ትናንት ማታ ለእናትሽ እውነቱን ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ «ልጄ ይህን ስታውቅ ነው የከረመችው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ተነስታ ብርድ ልብስሽን አስተካከለችልሽና አጠገብሽ ተኛች። ጠዋት እዚያ ያገኘሻት ለዚህ ነው።

እኔ ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ ቋንቋ ልማር ተመዝግቤያለሁ። ለክሊኒኩም ሴት አስተርጓሚ ጠይቀናል፤ እሺ ብለውናል። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነው። አንቺ ሐሙስ ጠዋት ክፍልሽ ውስጥ ነሽ።

አባትሽ